ፈሳሽ ሸቀጥ በዕቃ ውስጥ፤ ስለ ጎደለው ሊትርና ስለ ባዶው ሥፍራ

ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ የነዳጅ ቦቴ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በማራገፊያው ሥፍራ ደጋግሞ የሚነሣ አንድ ክርክር አለ። ተረካቢው የመለኪያውን ዘንግ ነክሮ ያወጣል፤ እርጥቡ የደረሰበትን ምልክት ያነብባል፤ ከዚያም በሰነዱ ላይ ከተጻፈው ሊትር ጋር ያስተያያል። ጎድሎም ያገኘዋል። «ልጄ፣ በመንገድ ላይ የወረደ ነገር አለ እንዴ?» ሲል ሾፌሩን ይጠይቃል። ሾፌሩም «ኧረ የለም ጋሼ፤ እሽጉ እንደ ታሸገ ነው፣ ራስዎ ይዩት» ብሎ ይመልሳል። እሽጉ በእርግጥ አልተነካም። ጉድለቱም በእርግጥ አለ። ሁለቱም እውነት ተናግረው ሳለ አንዱ እንደ ሌባ፣ ሌላው እንደ ነገረኛ ተቈጥረው ይለያያሉ።

ለዚህ ክርክር ሦስተኛ ምስክር ሊጠራ ይገባል፤ እርሱም ቴርሞሜትር ነው። አቡጀዲ የሚሸጥ ነጋዴ በወደብ የለካው ሜትር በመርካቶም ያው ሜትር ነው። ፈሳሽ የሚነግድ ሰው ግን እንዲህ ያለ ዕድል የለውም፤ ሊትር የሥፍራ መለኪያ ነውና፣ ፈሳሹ ሲሞቅ ብዙ ሥፍራ ይይዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጥቂት ሥፍራ ይበቃዋል። የሸቀጡ ክብደት አንዲት ግራም ሳይነሣለት ሊትሩ ይቀንሳል፤ አንዲት ግራም ሳይጨመርበትም ሊትሩ ይበዛል።

መጠኑ ስንት ነው ለሚል ነጋዴ ቍጥሩ የታወቀ ነው። በእያንዳንዱ የሴንቲግሬድ ዲግሪ ልዩነት ከ1,000 ሊትር ቤንዚን አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ከ1,000 ሊትር ናፍጣ 0.8 ሊትር ያህል፣ ከ1,000 ሊትር የምግብ ዘይት 0.7 ሊትር ያህል ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ንጹሕ ውኃ በክፍል ሙቀት ላይ 0.2 ሊትር ያህል ብቻ ስለሚለዋወጥ፣ ውኃን ብቻ ሲቀዳና ሲሰፍር የኖረ ሰው ይህን ነገር ሳያስተውለው ዕድሜውን ሊጨርስ ይችላል። ነጋዴውም የሚሳሳተው ከውኃ በተማረው ልማድ ዘይቱንና ናፍጣውን ስለሚፈርድ ነው።

እንግዲህ 40,000 ሊትር ናፍጣ በጅቡቲ ሐሩር በ38 ዲግሪ ተሰፍሮ ተጫነ እንበል። ቦቴው በጋላፊ ወጥቶ፣ በሚሌና በአዋሽ አልፎ፣ ወደ ደጋው ወጣ፤ ሌሊቱን በብርድ አደረና ሲራገፍ ናፍጣው 22 ዲግሪ ሆነ። ልዩነቱ 16 ዲግሪ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ከ500 ሊትር በላይ ይጎድላል፤ ይኸውም ሁለት በርሜል ተኩል ማለት ነው። ማንም አልሰረቀውም፤ የትም አልፈሰሰም። ናፍጣው ሁሉ እዚያው ታንከሩ ውስጥ አለ፤ ተሰብስቦ ተቀምጧል እንጂ። ቤንዚን ቢሆን ኖሮ ጉድለቱ ከ600 ሊትር ባለፈ ነበር።

ይህ ማለት ግን ጉድለት ሁሉ የብርድ ሥራ ነው ማለት አይደለም። በመንገድ ላይ ቀድቶ የሚሸጥ ሰው ቢኖር ይህ ሒሳብ መሸሸጊያ ሊሆነው አይችልም፤ ይልቁንም የሚያጋልጠው እርሱ ነው። የተጫነበትና የተራገፈበት የሙቀት መጠን በሰነዱ ላይ ተጽፎ ቢገኝ፣ ብርድ የወሰደው ስንት ሊትር፣ የሰው እጅ የወሰደው ስንት ሊትር እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። በብዙ አገሮች የነዳጅ ጅምላ ንግድ የሚካሄደው ፈሳሹ በ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንደ ተሰፈረ ተቈጥሮ ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ 60 ዲግሪ ፋረንሃይት ይላሉ፤ ሁለቱ ከሞላ ጎደል አንድ ናቸው። በትንሹ ንግድ ግን፣ ጥቂት በርሜል ላምባና የሞተር ዘይት ወደ ክፍለ ሀገር በሚልከው ነጋዴ ዘንድ፣ ከሊትሩ ጎን ዲግሪውን የሚጽፍ ጸሐፊ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንድ ቴርሞሜትርና አንድ መስመር ቀለም ይህን ያህል የሚከብዱ አልነበሩም።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አንድ የተለመደ ወሬ ማንሣት ይገባል። ማለዳ በብርዱ ቤንዚን የቀዳ ሰው ከቀትሩ ቀጂ ይልቅ ይጠቀማል ይባላል። ነገሩ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነው፤ በማደያ ግን የሚያዋጣ አይደለም። የማደያው ታንከር ከመሬት በታች የተቀበረ ስለ ሆነ የውስጡ ሙቀት ከጧት እስከ ማታ እምብዛም አይለወጥም። ማልዶ የተነሣው ሰው ያተረፈው ወረፋውን ብቻ ነው።

ከክርክር የሚያድን ሌላው መንገድ በኪሎ መገበያየት ነው፤ ክብደት ሙቀትና ብርድን አያውቅምና። የማር ነጋዴዎች ማርን በሚዛን መሸጣቸው ብልህነት ነው። በየቤቱ የሚታወቀው ቢጫ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ቢይዝ 20 ኪሎ፣ የምግብ ዘይት ቢይዝ 18 ኪሎ ተኩል ያህል፣ ማር ቢይዝ 28 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ዕቃው አንድ፣ ሊትሩም አንድ፤ ክብደቱ ግን እንዲህ ይራራቃል። በጀሪካን ቍጥር ብቻ የሚያስጭን ነጋዴ የመኪናውን አቅም ሳያውቀው የሚያልፈው በዚህ ምክንያት ነው። መቶ ጀሪካን ዘይት የለመደ ሾፌር መቶ ጀሪካን ማር ሲጫንለት አንድ ቶን ያህል ተጨማሪ ክብደት ተሸክሟል ማለት ነው።

እስከዚህ የተነገረው ስለ መጉደል ነው። መጉደል ነጋዴን ያናድዳል፤ መትረፍ ግን ዕቃውን ይሰብራል።

በደጋ አገር በጧት ብርድ የተጨመቀ የኑግ ዘይት በ15 ዲግሪ እስከ አፉ ድረስ በብረት በርሜል ተሞልቶ ተከደነ እንበል። በተለምዶ የ200 ሊትር የሚባለው በርሜል እስከ አፉ ከሞሉት 208 ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። ትርፉን ቦታ የበርሜሉ ሠሪ የተወው ስለ ረሳ አይደለም። ነጋዴው ግን ባዶ ቦታ ማጓጓዝ ኪሣራ ነው ብሎ ሞላው። በርሜሉ ወደ ቆላ ወርዶ በፀሐይ ላይ ውሎ 45 ዲግሪ በደረሰ ጊዜ ዘይቱ ከአራት ሊትር በላይ ተጨማሪ ሥፍራ ይፈልጋል። ብረቱ ራሱ በሙቀቱ የሚሰፋው ሩብ ሊትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው የት ይሂድ? አየር ቢሆን ይታመቅ ነበር፤ ፈሳሽ ግን እንደ አየር አይታመቅም። በማይላላ ዕቃ ውስጥ ጢም ብሎ የተከደነ ዘይት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ብቻ የሚፈጥረው ግፊት በትንሽ አውቶሞቢል ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ይበልጣል። ስለዚህ በርሜሉ በመጀመሪያ ክዳኑንና መቀመጫውን ያሳብጣል፤ ቀጥሎም በመገጣጠሚያው በኩል ማልቀስ ይጀምራል። ባለቤቱ መጋዘን ሲደርስ ወለሉ ዘይት ጠጥቶ ያገኘዋል፤ በርሜል ሻጩንም ይረግማል። አራት ሊትር ላለመተው ብሎ ከዚያ የበለጠ አጣ።

በየቤቱ የሚገኘው የቡታጋዝ ሲሊንደርም በዚሁ ሕግ የሚተዳደር ነው። ጋዙ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው በግፊት ፈሳሽ ሆኖ ሲሆን፣ ይህ ፈሳሽ በሙቀት የሚሰፋው ከቤንዚን እንኳ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህም ሲሊንደሩ እስከ አራት አምስተኛው ያህል ብቻ ተሞልቶ የቀረው ለእንፋሎቱ ይተዋል። አንዳንድ ደንበኛ ሲሊንደሩን ወዝውዞ «ጎዶሎ ሰጡኝ» ብሎ ሲያማርር ይሰማል። ያ ጎዶሎ ቤቱን የሚጠብቅለት ነው። ሲሊንደር የሚሞላ ሰው መጠኑን በሚዛን እንጂ በግምት ወይም በደንበኛው ልመና መወሰን የለበትም።

በዚህ ላይ በርሜል ይተነፍሳል ቢባል የሚገረም ሊኖር ይችላል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። በደጅ ቀጥ ብሎ የቆመ የሞተር ዘይት በርሜል ቀን ሲሞቅ ከውስጡ አየር በክዳኑ ጥርስ በኩል ጥቂት ጥቂት ያስወጣል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ይስባል። ዝናብ ከዘነበና በበርሜሉ ጠርዝ ውስጥ ውኃ ከተኛ፣ ሌሊት የሚስበው አየር ሳይሆን ውኃ ነው። ክዳኑ የጠበቀ ቢመስልም ከክረምቱ በኋላ በበርሜሉ ሥር ብዙ ውኃ ተኝቶ ይገኛል፤ ውኃ ከዘይት ይከብዳልና ወደ ታች ይወርዳል፤ ያንን የገዛ ባለመኪናም ሞተሩን ያበላሻል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። በርሜሉ ከጣራ በታች ይቀመጥ፤ ጣራ ከሌለ ሁለቱ ክዳኖቹ ልክ እንደ ሚዛን ግራና ቀኝ በአንድ መስመር እንዲሆኑ በጎኑ ይተኛ። ያን ጊዜ ክዳኖቹ በውስጥ በኩል በዘይት ስለሚሸፈኑ የሚስቡት አየር አይኖርም። ለማቆም ግድ ከሆነ በአንድ ወገን ድንጋይ ተደርጎለት ዘንበል ይበል፤ ክዳኖቹም ውኃ ከሚያቁረው ዝቅተኛ ጠርዝ ይራቁ። ጋን በጠጠር ይደገፋል የሚለው ተረት ለበርሜልም ይሠራል።

ባዶ ሥፍራ እንግዲህ አስፈላጊ ነው። ነገር ግን ሲበዛ ሌላ ባሕርይ ያመጣል፤ በዚያም የሚጠፋው ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ነው።

ከምንጭ ውኃ ቀድታ በእንስራ የምትመለስ ሴት እንስራውን የምትሞላው እስከ ሆዱ ሳይሆን እስከ አንገቱ ነው። የእንስራ ሆድ ሰፊ፣ አንገቱ ጠባብ ነው። ውኃው እስከ ሆዱ ብቻ ቢደርስ ገጹ ሰፊ ይሆንና በእርምጃዋ ልክ እየተናወጠ ሸክሙን ወዲያና ወዲህ ይጎትታል፤ እስከ አንገቱ ሲደርስ ግን የውኃው ገጽ የመዳፍ ስፋት ብቻ ስለሚሆን የሚናወጥበት ሜዳ አያገኝም። ሙሉ እንስራ ከግማሽ እንስራ ይልቅ ቢከብድም አረማመድን አያውክም። ሸክላ ሠሪዋ ይህን ቅርጽ ያገኘችው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ዳሩ ግን ዛሬ የመርከብ መሐንዲሶች የሚያስተምሩት ከዚህ የራቀ አይደለም። በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሁለት ተመራማሪዎች ቡና የያዘ ሲኒ በእጅ ይዞ ሲሄዱ ለምን እንደሚፈስ መርምረው፣ የሰው እርምጃ ፍጥነት ቡናው በሲኒው ውስጥ በተፈጥሮው ከሚዋልልበት ፍጥነት ጋር ስለሚቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል። ዥዋዥዌን በየምላሹ በልኩ የሚገፋ ሰው እያደር ከፍ እንደሚያደርገው ማለት ነው።

አሁን ሲኒውን ትተን ሃያ ሺህ ሊትር ውኃ በግማሽ የያዘ ቦቴ እንመልከት። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ይቆማል፤ ውኃው ግን አልቆመም። ወደ ፊት ሄዶ የታንከሩን ግንባር ይመታና የቆመውን መኪና እንደገና ይገፋዋል። በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ደግሞ ውኃው ወደ ውጭው ጎን ይወጣል፤ የክብደቱም ማዕከል ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ሾፌሩ መሪውን ወደ ሌላው ወገን ሲመልስ ውኃው ዘግይቶ ይከተለዋል፤ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ መኪናውና ጭነቱ ሁለት የተለያየ አሳብ ይዘዋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ ወደ ደጀን የወጣ ሾፌር የዚህን ትርጕም በአካሉ ያውቀዋል። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውኃ የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም፤ በሜዳው ላይ ቀስ ብሎ የሚዋልለው ጭነት ነው በቁልቁለቱ የሚጥለው።

ለዚህ የተገኙት መድኃኒቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ታንከሩን በውስጡ በተዘጉ ግድግዳዎች መከፋፈል ወይም ቀዳዳ ያላቸው የብረት ግድግዳዎች በመካከሉ ማቆም ነው፤ ውኃው በቀዳዳው እያለፈ ጉልበቱን ይጨርሳል። ሁለተኛው የአሞላል ሥርዓት ነው። አደገኛ ጭነት በመንገድ ስለ ማጓጓዝ የአውሮፓ አገሮች የተስማሙበት ደንብ፣ ከ7,500 ሊትር በማይበልጡ ክፍሎች ያልተከፈለ የፈሳሽ ታንከር ከመቶ 80 ባላነሰ ወይም ከመቶ 20 ባልበለጠ መጠን ካልተሞላ እንዳይንቀሳቀስ ያዝዛል። በመካከል ያለው ነው የተከለከለው። ግማሽ ጭነት ቀላል ጭነት ይመስላል፤ ደንቡ ግን ከሙሉው ይልቅ ይፈራዋል። የወተት ቦቴዎች ደግሞ ለማጠብ እንዲመቹ ሲባል ብዙውን ጊዜ ውስጣቸው ለስላሳ ሆኖ ያለ ግድግዳ ስለሚሠሩ፣ ነጂያቸው ከነዳጅ ነጂው ይልቅ ትዕግሥተኛ መሆን አለበት።

ውስጣዊዎቹ ግድግዳዎች ከፊትና ከኋላ የሚመጣውን መናወጥ እንጂ የጎኑን እምብዛም አያስቆሙም። ስለዚህ በኩርባ ላይ ከፍጥነት መቀነስ በቀር ሌላ መፍትሔ የለም። በአገር ውስጥ ጋራዦች ለውኃ ማመላለሻ ታንከር የሚያሠራ ባለ ንብረት ወጪ ለመቆጠብ ብሎ የውስጡን ግድግዳ እንዲተውለት ቢጠይቅ፣ ቆጠባው ከጥቂት ቆርቆሮና ከአንድ ቀን የብየዳ ሥራ አያልፍም። ለግንባታ ሥራ ወይም ድርቅ ወዳለበት ሥፍራ ውኃ የሚያመላልስ መኪና በየመንደሩ እያራገፈ ስለሚሄድ፣ ከዕድሜው እኩሌታውን የሚጓዘው በዚያ በተከለከለው መካከለኛ መጠን ላይ መሆኑን ያስታውሷል።

በባሕር ላይ ነገሩ ይከፋል። መርከብ ሲያዘነብል በሰፊ ወለል ላይ የተኛ ውኃ ሁሉ ወደ ዘነበለው ወገን ይሮጣል፤ ማዘንበሉንም ያብሰዋል። በመጋቢት 1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከቤልጅግ የዜብሩገ ወደብ የወጣች የእንግሊዝ መርከብ የፊት በርዋ ሳይዘጋ በመቅረቱ ውኃ በመኪና ማቆሚያው ወለል ላይ ገባና በደቂቃዎች ውስጥ ወደቀች፤ 193 ሰዎች ሞቱ። በየካቲት 2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ በቀይ ባሕር ላይ ከሳዑዲ ዐረቢያ ወደ ግብፅ ስትሻገር የነበረች «አል ሰላም ቦካቾ 98» የተባለች መርከብ እሳት ተነሣባት። መርከበኞቹ እሳቱን ለማጥፋት የረጩት ውኃ መውጫ አጥቶ በወለሉ ላይ ተጠራቀመ፤ መርከቧን የገለበጣትም እሳቱ ሳይሆን ይኸው ውኃ ሆነ። ከ1,400 ያህል ተሳፋሪዎችና መርከበኞች ከ1,000 በላይ የሚሆኑት አለቁ። ፈሳሽ ጫኝ መርከቦች በርዝመታቸው በግድግዳ የሚከፈሉት ለዚህ ነው፤ አንድን ታንከር በመካከሉ ለሁለት መክፈል ብቻ የዚህን መናወጥ ጉዳት ወደ ሩብ ያወርደዋል።

ፈሳሹ ሳይንቀሳቀስ ቢቀመጥስ? ተቀምጦም ይሠራል። የፍላንደሩ ተወላጅ ሲሞን ስቴቪን በ1586 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ፈሳሽ በዕቃው ወለል ላይ የሚያሳርፈው ግፊት የሚለካው በብዛቱ ሳይሆን በከፍታው ነው። ዐሥር ሜትር ቁመት ያለው ውኃ በቀጭን ቧንቧም ይሁን በሰፊ ገንዳ ግርጌውን የሚጫነው እኩል ነው። ከውኃ የከበደ ፈሳሽ ከሆነ ግን በክብደቱ ልክ ይጨምራል። ሞላሰስ ከውኃ አንድ ጊዜ ተኩል ሊደርስ ጥቂት የቀረው ክብደት አለው። በጥር 15 ቀን 1919 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በአሜሪካ በቦስተን ከተማ 15 ሜትር ያህል ከፍታ የነበረው የሞላሰስ ታንከር ፈንድቶ 8.7 ሚሊዮን ሊትር ያህል ሞላሰስ በመንገዱ ላይ ሲለቀቅ 21 ሰዎች ሞቱ፤ 150 ያህል ቆሰሉ። ታንከሩ ከተሠራ ጀምሮ ያፈስስ ነበር፤ የፈሰሰው እንዳይታይም ቡናማ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከመሞላቱ በፊት የተደረገለት ፍተሻ በወለሉ ላይ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ማስገባት ብቻ ነበር። የስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ለከብት መኖና ለአልኮል ሥራ በሚሸጥበት በዚህ አገርም፣ ለናፍጣ የተሠራ አሮጌ ታንከር ገዝቶ ሞላሰስ የሚያከማች ሰው ሊያስብበት ይገባል፤ ናፍጣ ከውኃ የሚቀልል ስለ ሆነ፣ በዚያው ከፍታ የተሞላ ሞላሰስ ታንከሩን ከተሠራለት ልክ ከአንድ ጊዜ ተኩል በላይ ይጫነዋል።

የቀረው የከፍታ ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ላይ ስለ ሆነች፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ውኃ በ92 ዲግሪ ያህል መፍላቱም ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህ ነገር ፓምፕ የሚያስመጣውን ነጋዴ በቀጥታ ይነካል። ከላይ ሆኖ ውኃ የሚስብ ፓምፕ ውኃውን የሚያወጣው በእውነቱ እርሱ አይደለም፤ ፓምፑ በቧንቧው ውስጥ ያለውን አየር ያስወግዳል፤ ውኃውን ወደ ላይ የሚገፋው የውጭው አየር ነው። የውጭው አየር በባሕር ዳርቻ ውኃን ቢበዛ ከዐሥር ሜትር ትንሽ ከፍ ሊያደርግ ይችላል፤ በአዲስ አበባ ግን ስምንት ሜትር እንኳ አይሞላም። በሥራ ላይ ሁለቱም ከዚህ ያነሱ ናቸው። ስለዚህ በካታሎግ ላይ «ሰባት ሜትር ይስባል» የተባለ ፓምፕ ለደጋ ገበሬ ተሸጦ በሰባት ሜትር ጉድጓድ ላይ ቢደርቅ፣ ፋብሪካው አልዋሸም፤ ፓምፑም አልተበላሸም። የካታሎጉ ቍጥር የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ሻጩ የገዢውን አገር ከፍታ ሳይጠይቅ ፓምፕ ባይሸጥ ይሻላል።

ይኸው የአየር ነገር በታሸገ ጀሪካንም ላይ ይታያል። በጅቡቲ በ40 ዲግሪ ሙቀት 19 ሊትር ዘይትና አንድ ሊትር አየር ይዞ የታሸገ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አዲስ አበባ በ17 ዲግሪ ሲደርስ፣ ዘይቱ 0.3 ሊትር ያህል ይሰበሰባል፤ አየሩ ደግሞ ግፊቱ ስለ ቀለለው፣ ብርዱ ቢቀንሰውም እንኳ፣ ከአንድ ሊትር ወደ 1.2 ሊትር ያህል ይሰፋል። አንዱ የለቀቀውን ሥፍራ ሌላው ይይዘዋል፤ ጀሪካኑም ሳያብጥ፣ ሳይጨማደድም፣ እንደ ታሸገ ሆኖ ይራገፋል። በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ግን ይህን አይችልም፤ በውስጡ ያለው ዐሥር ሊትር አየር ሁለት ሊትር ያህል ተጨማሪ ሥፍራ ስለሚሻ ጎኑ ተነፍቶ ይደርሳል፤ ከላዩ የተደረደረበትም ካለ ያዘነብላል። በሙሉው ጀሪካን ግን የዘይቱ ጉድለት ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው አይታወቅም፤ ክዳኑ ተከፍቶ በሊትር ሲሰፈር ብቻ ነው የሚገለጠው፤ ሚዛን ላይ ቢወጣ ግን በወደብ የነበረው ኪሎ አሁንም እንዳለ ነው።